"ጨዋ ነው" ሲሉኝ ያመሰገንኩ ዕለት

መሪጌታ "ተዉት፣ ጨዋ ነው፣ አትፍረዱበት" አሉ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ" አልኩ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

የጎረቤታችን የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ሰሞኑ ዕርገት። ካህናቱ በልተው ጨርሰው ጠላ ይቀዳላቸዋል። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ስዞር መሪጌታ እጄን ያዙኝ። መነጽራቸውን ቤት ረስተውት ኖሯል። ከጎናቸው ካሉት ቄስ ጋር በአንድ ቃል ተከራክረዋል። ዳዊታቸውን ገልጠው "እስቲ ልጄ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው፣ ይቺን አንብብልኝ" አሉኝ። ፊደል እቆጥራለሁ። ዲግሪም አለኝ። ግዕዝ ግን በዲግሪ አይነበብም። "ፄ... ፄዊ... ፄዊወ..." እያልኩ ተንገዳገድኩ። መሪጌታ አላስጨረሱኝም። ቃሉን ራሳቸው በቃላቸው ደመደሙትና ነው "ጨዋ ነው" ያሉት።

ያስረዱኝ ከድንኳኑ ውጪ እጅ የሚያስታጥቡ አንድ ጋሼ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ያመሰገንከው ስድብህን እኮ ነው!" አሉኝ እየሳቁ። በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው። ግዕዝ የማይገባው፣ ዜማ የማያውቅ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ወዲህ ቆሞ የሚያስቀድስ ምእመን። ማይም እንደማለት ነው፤ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ።

ቤት ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። እናቴ እኔን ለማሳደግ የተጠቀመችበት ዋና መሣሪያ ይኸው ቃል ነው። "የጨዋ ልጅ ሰው ፊት አያፏጭም።" "የጨዋ ልጅ እንግዳ ሳይጠግብ እጁን አይሰበስብም።" ደላላው እንኳ "ክፍሉ ለጨዋ ላጤ ነው የሚከራየው" ይላል። ማይም ላጤ ፈልጎ አይደለም መቼም። አንድ ቃል እንዴት አድርጎ ምስጋናም ስድብም ይሆናል?

እዚህ ላይ የልጅነት ሞኝነቴን ልናገር። እኔ ጨዋ ከጨው የመጣ ቃል ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የአያቴ ነው። እማማ ወጥ ስትሠራ በማማሰያው ጫፍ ጠብታ ታነሳና መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ትልሰዋለች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትንሽ ታስባለች። ከዚያ "አልጫ ነው" ካለች ጨው ይጨመራል። ይህቺው እማማ ደግሞ ስለ አንዳንድ ዘመድ ስታወራ "እሱ እኮ አልጫ ነው፣ ወሬው አይጥም" ትላለች። በልጅ አእምሮዬ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ጨው የሌለው ሰው አልጫ። ጨው ያለው ሰው ጨዋ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሃያ ዓመት ያህል በዚህ እምነት ኖርኩ። ማንም አላረመኝም፤ ማንንም ጠይቄ ስለማላውቅ።

ከተዝካሩ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ የደረስኩበት ነገር ሞኝነቴን ትንሽ አስታገሰልኝ። በግዕዝ ጨው "ጼው" ነው። የጨዋ አባት የሆነው ቃል ደግሞ "ፄዋ" ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለዓይን ግን ይለያያሉ። ጨው በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፣ ያኛው በፀሐዩ ፀ። ድሮ ድሮ ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። በኋላ ተደባለቁ። አማርኛ ደግሞ በብዙ ቃላት ሁለቱንም ወደ ጨ ወሰዳቸው። ጸልመ የሚለው ጨለመ ሆነ። ዕፅ እንጨት ሆነ። ሐፀየ አጨ ሆነ። በዚሁ መንገድ ጼው ጨው ሆነ፣ ፄዋም ጨዋ። እንግዲህ የኔ ስህተት የተሠራው እኔ ከመወለዴ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። ሁለት እንግዶች በአንድ በር ገብተው እኔ ወንድማማች መስለውኝ ነበር።

ፄዋ ማለት ግን ምን ማለት ነው? ምርኮ ማለት ነው። ምርኮኛ። ወደ ባቢሎን የተጋዙት የእስራኤል ልጆች ታሪክ በግዕዝ "ፄዋዌ" ይባላል። መሪጌታ ያስነበቡኝ መዝሙር 67 ነበር፤ በዕርገት ሰሞን የሚጠቀሰው "ፄዊወከ ፄዋ" የሚለው ቃል። የአማርኛው መጽሐፍ "ምርኮን ማረክህ" ብሎታል። የተንገዳገድኩበት ቃልና የተሰደብኩበት ቃል አንድ መሆናቸው ነው። መሪጌታ ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፣ እስከዛሬ አልነገሩኝም።

ምርኮኛ እንዴት ብሎ ጨዋ ሆነ? መሃል ላይ ወታደር አለ።

ነገሩ የሚጀምረው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ገደማ ነው። ንጉሡ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1314 እስከ 1344 ነግሠዋል። (ከዚህ በኋላ ያሉትን የነገሥታት ዓመቶች በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ እንዳታምታቱ።) ይፋትን፣ ሐድያን፣ ደዋሮን፣ ባሌን ያስገበሩት እኚህ ናቸው። ግን ማሸነፍና መያዝ ይለያያሉ። ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነው። ዛሬ እዚህ ይተከላል፣ ከርሞ ይነቀላል። ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ ገባሩ ግብሩን ያቆማል። ጦር ይዞ መመለስ ሊኖርበት ነው። እንዲህ እየተመላለሱ አገር አይገዛም። መፍትሔው ጦሩን እዚያው መትከል ነው።

ግን የትኛውን ጦር? የአገሩን ልጅ ብታስቀምጠው ከአጎቱ ጋር ያድማል። እዚህ ላይ ነው ምርኮኛው የሚገባው። አንዱ አገር ሲሸነፍ የተማረከው ተዋጊ ሌላ አገር ወስደህ ታሰፍረዋለህ። እዚያ አጎት የለውም፣ ርስት የለውም፣ ቋንቋውም ላይገባው ይችላል። ያለው ንጉሡ ብቻ ነው። የታሪክ ሰዎች የቃሉን አመጣጥ የሚረዱት እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጭፍሮች ከምርኮኛ የተውጣጡ ስለነበሩ ፄዋ ተባሉ፣ በኋላ ማንም ይግባበት ማን ስሙ ቀረ።

ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም የዘመኑ ብልሃት ነበር። በዚያው ጊዜ ግብፅን የሚገዙት ማምሉኮች ናቸው፤ ከ1250 እስከ 1517። ማምሉክ ማለት በዐረብኛ የሰው ንብረት የሆነ፣ የተገዛ ማለት ነው። ተገዝተው መጥተው ወታደር የሆኑ ባሮች ሱልጣን እስከመሆን ደርሰዋል። የእኛዎቹ ነገሥታት ከካይሮ ጋር በጳጳስ ጉዳይ ይላላኩ ስለነበር ይህን ሥርዓት ሳይሰሙት አልቀሩም።

ነገሩን ያበዙትና መልክ ያስያዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት። ንጉሡ ሰው አያምኑም። የአውራጃ ገዢዎቹን አንስተው በቦታቸው ሴቶች ልጆቻቸውን እስከመሾም ደርሰዋል። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል ካደረጉ በኋላም ዳር ድንበሩን ለጊዜያዊ ዘመቻ አልተዉትም። ዜና መዋዕላቸው የየአገሩን ስም እየጠራ፣ እዚህኛው አገር እነዚህ ጨዋዎች፣ እዚያኛው እነዚያ እያለ ይዘረዝራል። አንድ የመንግሥት ጸሐፊ መዝገብ ዘርግቶ የሚያነብ ነው የሚመስለው። እኔ እንዲህ ያለ ደረቅ ዝርዝር እወዳለሁ። ውዳሴው ለንጉሥ ነው፣ ዝርዝሩ ግን እውነቱን ያወጣል።

ስሞቻቸው! አንዱ ጭፍራ ከዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ "ተኩላ" ይባላል። ሌላው "ጃን አሞራ" ነው። ጃን ያው ጃንሆይ ላይ ያለው፣ ጃን ሜዳ ላይ ያለው ጃን ነው፤ የንጉሥ የሆነ ነገር ምልክት። የንጉሥ አሞራ ብለን እንውሰደው። ዛሬ ሰሜን ተራሮች አጠገብ ጃናሞራ የሚባል ወረዳ አለ። የታሪክ ሰዎች ስሙን ከዚያ ጦር ጋር ያያይዙታል። ጦሩ ጠፋ፣ ስሙ አገር ሆነና ቀረ። ጉራጌ ዘንድም ተመሳሳይ ትውፊት ይነገራል፤ አዝማች ስብሃት የሚባል የጦር አለቃ ከትግራይ ወገን ከጉራ ጭፍራውን ይዞ መጥቶ እዚያው ሰፈረ ይባላል። ክርክሩ ለሊቃውንት ይሁን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የአያቶቻቸውን አመጣጥ "ጦር ሆነን መጣን" ብለው የሚጀምሩ ስንት ሰዎች አሉ!

አሁን ሰውየውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ደዋሮ ወይም ፈጠጋር ተመድቧል እንበል። አያርስም። መሬቱ በጉልት ተሰጥቶታል፤ ይህ ማለት አፈሩን አይቆፍርም፣ ካፈሩ የሚወጣውን ይበላል። እህሉ፣ ማሩ፣ በጉ ከጎረቤቱ ገበሬ ቤት ይመጣለታል። እሱ ራሱ ለማንም አይገብርም። ግዴታው አንድ ነው፤ ነጋሪት ሲመታ ጋሻና ጦሩን ይዞ መነሳት። ያገሩን ልጅ ያገባል። ልጁ ያባቱን ቋንቋ በግማሽ ያውቃል። የልጅ ልጁ ከናካቴው ይረሳዋል። አያቱ ተማርኮ የመጣበትን አገር በስም እንኳ አይጠራውም። ማን መሆኑን ሲጠይቁት ግን አፉን ሞልቶ "ጨዋ ነኝ" ይላል። ምርኮኛ ነኝ ማለቱ አይደለም። ገባር አይደለሁም ማለቱ ነው።

ቃሉ የተገለበጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጦረኞቹን "ቻቫ" እያለ ጽፏቸዋል። ያኔ ጨዋ ገና የሥራ ስም ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1529፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ሽምብራ ቁሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፉ። በዚያና በተከታዮቹ ዓመታት የድንበሩ ጦር አብዛኛው ፈራረሰ። የቀረውም ለንጉሥ መታዘዙን ተወ፤ በተተከለበት አገር ልጅ ሆኗልና ሲጠሩት አልመጣ ይል ጀመር። በየዳሩ የተተከለው ጦር እንዲህ እየሆነ ጠፋ። ስሙ ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም።

ዛሬ የጨዋ ተቃራኒ ባለጌ ነው። ያኔ ተቃራኒው ገባር ነበር። ከዚያ ደግሞ ተቃራኒው ባሪያ ሆነ፤ ጨዋ ማለት ነጻ ሆኖ የተወለደ፣ በዘሩ ባርነት የሌለበት ማለት ሆነ። አስቡት። ተማርኮ የመጣ ሰው ስም፣ ያልተማረከ ሰው ስም ሆነ። ከዚህ በላይ የተገለበጠ ቃል ካለ አሳዩኝ።

የመሪጌታስ? እሱም ከዚሁ ይወጣል። አሮጌው ኢትዮጵያዊ ሰውን በሦስት ይከፍላል። አራሽ፣ ቀዳሽ፣ ተኳሽ። ቀዳሹ ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብሎ ተኳሹን ሲያየው ምን ያያል? ጦር የሚወረውር፣ ፊደል የማይለይ ሰው። ለገበሬው የበላይ ነው። ለደብተራው ግን ጨዋ ያው መሃይም ነው። አንዱ ቃል ከታች ሲታይ ጌታ፣ ከጎን ሲታይ ደንቆሮ። እኔ ድንኳን ውስጥ የገባሁት በጎን በኩል ነበር።

ወታደሩ ያለው ጨዋ በሚለው ቃል ውስጥ ብቻ አይደለም። አማርኛ ወታደሩን ከሰፈረበት ሊያስነሳው አይችልም። "ሰፈር" ራሱ ጦሩ የሰፈረበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። "የሰፈሬ ልጅ ነው" ስንል የአንድ ድንኳን ጎረቤት ነው እያልን ነው። "ከተማ"ም ከተመ ከሚለው ነው፤ ንጉሡ ወይም ጦሩ የከተመበት ጉብታ። ቀኝአዝማች ቀኝ፣ ግራአዝማች ግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት። ወታደር የሚለውንስ ብዙ ሰው "ወጥቶ አደር" ነው ይለዋል፤ ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚያድር። ስሙ ስለ ውጊያ አንድም ነገር አይልም። የሚለው የት እንደሚያድር ነው። ገበሬውም ስለ ወታደር በይበልጥ የሚያሳስበው ይህ ነበር፤ ዛሬ ማታ የኔ ቤት ያድር ይሆን?

አንድ ቃል ቀረ። ስጽፈው አንዳንድ አንባቢ ወንበሩ ላይ አቀማመጡን እንደሚያስተካክል አውቃለሁ። ነፍጠኛ።

ነፍጥ ጠመንጃ ነው። መነሻው ዐረቦች ነፍጥ የሚሉት የሚቀጣጠል ዘይት ነው፤ በኋላ ለባሩድም ዋለ። ከዚያው ግንድ በጣሊያን በኩል ዞሮ የመጣው ወንድሙ ናፍጣ ነው። ማደያ ተሰልፋችሁ ናፍጣ ስትቀዱ የምታወሩት ስለ ነፍጥ ዘመድ ነው። ነፍጠኛ ማለት እንግዲህ ጠመንጃ ያዥ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ጦር በየከተማው ሰፈረ። ደመወዝ የለም። በደመወዝ ፈንታ እንደየማዕረጉ ገባር ይመራለታል። ገባሩ ያርስለታል፣ ይፈጭለታል፣ አጥር ያጥርለታል። ሥርዓቱ በጣሊያን ወረራ ተናጋ። ሥሩ የተነቀለው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የዘርዐ ያዕቆብ ጨዋ ከሩቅ መጥቶ በሰው አገር ሰፈረ። ሳያርስ በላ። መሣሪያ ያዘ። የምኒልክ ነፍጠኛም ከሩቅ መጥቶ በሰው አገር ሰፈረ። ሳያርስ በላ። መሣሪያ ያዘ። ሥራው አንድ ነው። ከመሃላቸው ያለው አራት መቶ ዓመትና የመሣሪያው ዓይነት ነው። አንዱ ስም ግን የልጅ ማሳደጊያ ምስጋና ሆነ። ሌላው ሰው የሚጣላበት ቃል ሆነ።

ለምን? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ የማይስማማ ይከራከረኝ። ጨዋን ይዞ የኖረው በይው ነው። ቃሉን ከልጅ ወደ ልጅ ያወረሰው፣ እየጠራረገ ያስዋበው፣ ግብር የሚገባለት ሰው ነው። ያኔ ግብሩን ተሸክሞ የሚመጣው ገበሬ ጨዋውን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ዜና መዋዕሉ አልጻፈም። ጸሐፊው የንጉሥ ጸሐፊ ነዋ። ነፍጠኛን ግን ይዞ የኖረው የሚያበላው ሰው ነው። የገባሩ የልጅ ልጅ ተማረ፣ ጻፈ፣ ተናገረ። ቃሉ እጁ ላይ ነበር። ዛሬ ያን ቃል አንስቶ መሬት አይቶ በማያውቅ ምስኪን ላይ መወርወር ሌላ በደል ነው፤ ይህንንም እላለሁ። ግን "እንዴት እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ተገኘ?" ብሎ የሚገረም ሰው፣ "ጨዋስ እንዴት እንዲህ ያማረ ቃል ሆነ?" ብሎም መገረም አለበት።

ይህን ሁሉ በማላውቅበት ጊዜ የሆነ አንድ ነገር አለ።

የአክስቴ ልጅ አንድ ልጅ ወደደች። ልጁ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለው እሁድ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ፤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። ሥራው ምንድን ነው ተባለ። ጥሩ ሥራ አለው። ይጠጣል ወይ? አይጠጣም። ከዚያ ታላቁ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና "ለመሆኑ ጨዋ ናቸው ወይ?" አለ።

ይህ ጥያቄ ስለ ጠባይ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚጠየቀው የአያት ቅድመ አያት ነው። አንዷ ዘመዳችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በእናቱ በኩል ሸክላ ሠሪ አለበት ይላሉ" አለች። ስኒ ከረከቦት ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። አጎቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ መልሶ "እንግዲህ ጨዋ አይደሉማ" አለ። አለቀ።

የአክስቴ ልጅ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ከሁሉ ሰው መርጣ እኔን ያየችው ልጁን ስለማውቀው ነው። አንድ ክፍል ተምረናል። መጽሐፍ ቢዋስ ሸፍኖ የሚመልስ ዓይነት ልጅ ነው። ይህን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። የጨዋ ልጅ ትላልቅ ሰዎች በሚነጋገሩበት አይገባማ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተጋቡ፤ በማዘጋጃ ቤት። አጎቴ አልመጣም። ዛሬ ልጆቻቸውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዳቦ ይቆርስላቸዋል፣ ስለዚያ እሁድም ማንም አያነሳም። እኔ ግን ያቺ አተያይ አልወጣችልኝም። ይህን ሁሉ ስለ ፄዋ ያነበብኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአጎቴ መልስ ስፈልግ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። "ጋሼ፣ ጨዋ ማለት እኮ ምርኮኛ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዋ በገዛ እጇ ጭቃ አቡክታ ያበጀችውን ምጣድ ሸጣ ነው የኖረችው። ጨዋው በዚያ ምጣድ የተጋገረውን በነጻ ሲበላ ኖረ" ልለው እፈልጋለሁ። በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እሱ ግን አሁን ጆሮው አይሰማም። ጮኬ ደግሞ አልናገረውም።

ከተዝካሩ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ጻፍኩና ለመሪጌታ ወሰድኩት። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር። ያን ዕለት መነጽራቸውን ይዘዋል። ደብተሩን ተቀብለው ከራቅ አድርገው አነበቡ። ከመጀመሪያው ገጽ አላለፉም። ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ይቺ ፊደል ምንድን ናት?"

"ጸ ናት የኔታ።"

"የትኛው ጸ?"

አየሁት። በትልቁ፣ ከርዕሱ ሥር፣ "ጼዋ" ብዬ ጽፌያለሁ። "የጸሎቱ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ይህማ ጨው ሆነ! የፀሐዩ ነው እንጂ!" ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። ጫፉን በምላሳቸው አራሱ። የኔን ሰርዘው ከላይ በቀጭን ጽሕፈት አረሙትና ደብተሩን መለሱልኝ።

"አዬ ጨዋ" አሉ።

አንገቴን ሰበር አድርጌ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ" አልኩ።